ግድግዳው ሳይለሰን፦ ስለ አዲሱ ቤታችሁ የኤሌክትሪክ መስመር

ውድ እኅቶቻችን፣ በእሑድ ትምህርታችን ላይ ከምትጠይቁን ብዙው ስለ ቤት ነው። ዓመታት ለፍታችሁ ባጠራቀማችሁት ገንዘብ አገር ቤት ቤት የምታሠሩ አላችሁ። ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ በሩና ስለ መስኮቱ አጥብቃችሁ ትከታተላላችሁ። ኤሌክትሪኩ ሲነሣ ግን «እሱን ባለሙያው ያውቃል» ብላችሁ ታልፋላችሁ። ቆርቆሮ ቢያፈስ ይታያል፣ ይቀየራል። ሽቦ ግን ግድግዳ ውስጥ ይቀበራል፤ ጥፋቱም ብዙ ጊዜ የሚታወቀው መሽተትና መጨስ ሲጀምር ነው። ስለዚህ በዛሬው ትምህርት ከሩቅ ሆናችሁ ምን መጠየቅ እንደምትችሉ እንመለከታለን።

ከአምፔር እንጀምር። ይህን ቃል ቤይሩት የሠራች ሁሉ ታውቀዋለች። የመንግሥት መብራት ጠፍቶ ከሰፈሩ ሞተር 5 አምፔር በሚመጣበት ሰዓት ካውያ ብትሰኩ ዲጆንክተሩ ወዲያው ይወድቃል፤ ማዳምም ምን እንደሰካችሁ ለመጠየቅ አትዘገይም። ነገሩ የሒሳብ ጉዳይ ነው። ዋቱን ለቮልቱ ስታካፍሉት አምፔሩ ይወጣል። በ220 ቮልት 5 አምፔር ማለት 1100 ዋት ብቻ ነው። 2000 ዋት የሆነ ካውያ ደግሞ ብቻውን 9 አምፔር ያህል ይፈልጋል።

ይህንኑ ሒሳብ አሁን አገር ቤት ወዳለው ማድ ቤት ውሰዱት። ቮልቱ እዚያም 220 ነው። 3500 ዋት የሆነ የእንጀራ ምጣድ 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ ያውም ለደቂቃ ሳይሆን ሊጡ እስኪያልቅ ድረስ። ይህ ምጣድ ለአምፖል ተብሎ በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ከተሰካ ሽቦው ግድግዳው ውስጥ ይግላል፣ ልባሱም እየደረቀና እየተሰነጠቀ ይሄዳል። ብሬከሩ የተሠራው ይህ ከመሆኑ በፊት እንዲወድቅ ነው። ነገር ግን አንዳንድ ቤተሰብ «እየወደቀ አስቸገረን» ብሎ በትልቅ ብሬከር ያስቀይረዋል። ይህ ከሁሉ የከፋው ነው። ብሬከር የሚመረጠው በሽቦው ውፍረት ነውና፣ ሽቦውን ሳይለውጡ ብሬከሩን ማሳደግ ዘበኛውን አባርሮ በሩን ክፍት እንደመተው ይቆጠራል።

በተለመደው አሠራር ለመብራት 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ከ10 አምፔር ብሬከር ጋር፣ ለሶኬት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ከ16 አምፔር ብሬከር ጋር ይበቃል። ምጣዱ ግን ከማንም ጋር የማይጋራው የራሱ መስመር ይኑረው፦ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ፣ 20 አምፔር ብሬከር። ምጣዱ ከ3500 ዋት ከበለጠ ባለሙያው እንደገና ያስላው። ውፍረቱ ሽቦው ላይ ተጽፎ ስለሚገኝ ጥቅልሉን ፎቶ አንሥተው እንዲልኩላችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ሦስተኛው ሽቦ ይሁን። አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያለው የመሬት ሽቦ ከየሶኬቱና ከምጣዱ ተነሥቶ መሬት ውስጥ ከተቀበረ የመዳብ ዘንግ ጋር ይገናኛል። ያለ እሱም መብራቱ ይበራል፤ ስለዚህ ወጪ ለመቀነስ ሲባል የሚዘለለው እሱ ነው፣ ቤተሰቡም አያውቅም። የምጣዱ ብረት ኤሌክትሪክ ቢይዝ ግን እናታችሁ ሊጥ በነካ እርጥብ እጃቸው ሲነኩት የሚያድናቸው ይህ ሽቦ ነው። በተጨማሪም 30 ሚሊ አምፔር ስታፈስ የሚቆርጥ መከላከያ ብሬከር ቢገባ እንመክራለን፤ ከመጋረጃው ቀድሞ ይገዛ።

ጊዜው ደግሞ ወሳኝ ነው። በጣሪያው ኮንክሪት ውስጥ የሚያልፈው ቱቦ ኮንክሪቱ ሳይሞላ ይቀመጣል፤ በግድግዳው የሚያልፈው ብሎኬቱ ተጠርቦ ሳይለሰን ይገባል። ሽቦው ልስኑ ከደረቀ በኋላ ይሳባል። ስለዚህ ቱቦው ከመግባቱ በፊት ወንድማችሁ እያንዳንዱን ክፍል በወረቀት ይሣል፦ አልጋው የት ነው? ፍሪጁ? ቴሌቪዥኑ? ምጣዱ? ሶኬት ሲያንስ ቤቱ ኋላ በኤክስቴንሽን ይሞላል።

ልስን ሊጀመር ሲል እያንዳንዱ ግድግዳ ሜትር ተዘርግቶበት ፎቶ ይነሣ፤ ለእናንተም ይላክ፣ ቤትም ይቀመጥ። ኋላ ሥዕል ለመስቀል ምስማር የሚመታ ሰው ቱቦው የት እንዳለ ያያል። ሽቦ የሚቀጠለውም ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው፤ ልስን ሥር የተቀበረ ቅጥያ ካለ አይለሰን።

«ወንድሜን እንዴት እጠይቃለሁ? የጠረጠርኩት ይመስለዋል» ያላችሁን አላችሁ። ገንዘቡ የእናንተ ነው፤ በቤቱ ውስጥ የሚያድሩት ደግሞ እሱና ልጆቹ ናቸው። ይህን ጽሑፍ ማንበብ ትችላላችሁ፤ ከእኛ ጋር ተማርኩት በሉት።

ከቆጣሪው ወደ ውስጥ ያለው መስመር የባለቤቱ ኃላፊነት ስለሆነ ለባለሙያው የመጨረሻውን ክፍያ ቤቱ እስኪፈተሽ አቆዩት። ፈተናው ቀላል ነው። ምጣዱ ለግማሽ ሰዓት ይለኮስ፤ ከዚያ ይጥፋና የማብሪያ ማጥፊያው ክዳን በደረቅ እጅ ጀርባ ይነካ። ከጋለ ወይም ከሸተተ ብሬከሩ ይውረድና ባለሙያው ገንዘቡን ሳይቀበል ተመልሶ ይምጣ።