መሪው ሲከዳ፦ የቆዩ የመስክ መኪኖችና የሰበካ ጉባኤ ኃላፊነት

ደጀን ለመድረስ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀረን ነበር። የሰበካው የመስክ መኪና ሁለት ካህናትን፣ የዚህን ጽሑፍ አዘጋጅና የዘር ከረጢቶችን ጭኖ ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ ይጓዛል። መንገዱ ሜዳ፣ ሰዓቱም ረፋድ ነው። ሾፌሩ ከጉድጓድ ለመሸሽ መሪውን ሲያዞር መሪው በእጁ ላይ ያለ ምንም ክብደት ዞረ፤ የፊት ጎማዎቹ ግን አልታዘዙም። ሾፌሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው አነሣ፤ ፍሬኑንም ቀስ በቀስ ያዘ። መኪናው ከአስፋልቱ ወርዶ በታረሰ ማሳ ውስጥ ቆመ። ማንም አልተጎዳም። ወርደን ከመኪናው ሥር ስናይ፣ የፊት ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ ጫፉ ከመገጣጠሚያው ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ከዚያ ስፍራ ጥቂት አለፍ ብሎ የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ይጀምራል።

ይህን ትምህርት ለማዘጋጀት ያነሣሣን ከዚያ በኋላ የሰማነው ነገር ነው። ሾፌሩ ከሦስት ሳምንት በፊት ለሰበካው አስተዳዳሪ፣ «አባታችን፣ መሪው ይንኳኳል፤ ልቅም ሆኗል» ብሎ ነበር። የተሰጠውም መልስ፣ «ልጄ፣ በዓሉ ይለፍና እናሠራዋለን» የሚል ነው። ሁለቱም በቅንነት ተናግረዋል፤ በካዝናው የነበረው ገንዘብም ለሌላ ሥራ ታስቦ ነበር። እንግዲህ ድንገተኛ ብለን የጠራነው ብልሽት ለእኛ ለተሳፋሪዎቹ እንጂ ለመኪናውና ለሾፌሩ ድንገተኛ አልነበረም።

የመሪ አሠራር በአጭሩ

በገጠር አገልግሎት በስፋት የሚታዩት የቆዩ የመስክ መኪኖች፣ ለምሳሌ ቶዮታ ላንድክሩዘር 60 እንዲሁም እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ መመረት የጀመረው 70፣ የፊት ጎማዎቻቸው በአንድ ወጥ አክስል ጫፍና ጫፍ የተያዙ ናቸው። ሾፌሩ መሪውን ሲያዞር እንቅስቃሴው በመሪው ዘንግ ወርዶ በሻንሲው ላይ በቡሎን ወደ ታሰረው የመሪ ሳጥን ይደርሳል። ሳጥኑ አንድ አጭር ክንድ ያንቀሳቅሳል፤ ክንዱም አንድ ዘንግ እየገፋና እየሳበ አንዱን የፊት ጎማ ያዞራል። ሌላ ረጅም ዘንግ ደግሞ ሁለቱን የፊት ጎማዎች አያይዞ አብረው እንዲዞሩ ያደርጋል። የሁለቱ ዘንጎች አራት ጫፎች መካኒኮች ቴስቲኒ በሚሏቸው ኳስ መሳይ መገጣጠሚያዎች ይያያዛሉ። የቴስቲኒው ዳዶ በንዝረት እንዳይፈታ ኮፒሊያ የተባለች ቀጭን ብረት ትሰካበታለች።

ይህ ሰንሰለት ምትክ የለውም። ፍሬን ቢደክም የእጅ ፍሬንና ማርሽ ያግዛሉ፤ ሞተር ቢጠፋ መኪናው ይቆማል። የመሪ ዘንግ ከተላቀቀ ግን በእርሱ ፈንታ ጎማውን የሚያዞር ሌላ ነገር የለም። የብዙ ሰዎች ሕይወት በጣት በምታህል መገጣጠሚያና በአንዲት ኮፒሊያ ላይ ይንጠለጠላል ማለት ነው።

መኪናው አስቀድሞ የሚናገረው

የመሪ ክፍሎች ብዙ ጊዜ የሚያልቁት በጥቂት በጥቂቱ ነው። የቴስቲኒው የጎማ ሽፋን ይቀደዳል፤ አቧራና ጭቃ ይገባበታል፤ ግራሶው ይደርቃል፤ ብረት ብረትን ይበላል። ኮረኮንች መንገድና ከልክ ያለፈ ጭነት ይህን ያፋጥኑታል። በዚህ ጊዜ የሚከተሉት ምልክቶች ይታያሉ።

መሪው ጎማዎቹን ሳያንቀሳቅስ ወዲያና ወዲህ የሚጫወትበት ልክ ይጨምራል። በመሪው ክብ ጠርዝ ላይ ሲለካ ይህ ልቅነት ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ከተጠጋ ወይም ከቀድሞው ይልቅ መጨመሩ ከታወቀ ምርመራ ይገባዋል። በጉድጓድ ላይ ሲታለፍ ከፊት በኩል የመንኳኳት ድምፅ ይሰማል። መኪናው በቀጥታ መንገድ ላይ ወደ አንድ ወገን ይስባል፤ ወይም ከመታጠፊያ በኋላ መሪው ወደ መካከል አይመለስም። አንዳንድ ጊዜም የፊት ጎማዎቹ ጉድጓድ ከመቱ በኋላ በኃይል መንቀጥቀጥ ይጀምራሉ። ይህን ንዝረት አዲስ የመሪ ሾክ አብዞርበር በመግጠም ብቻ ማስታገስ ሕመሙን ሳያድኑ ሥቃዩን እንደ ማደንዘዝ ነው፤ ያለቀው ቴስቲኒ ወይም ኩሽኔታ በዚያው አለና።

ምርመራው ለሁለት ሰዎች የዐሥር ደቂቃ ሥራ ነው። መኪናው በደልዳላ ስፍራ ይቁም፤ የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ ጎማዎቹ በታኮ ወይም በድንጋይ ይደገፉ። አንዱ ሰው መሪውን በትንሹ ወዲያና ወዲህ ሲያወዛውዝ ሌላው ከፊት ጎን ሆኖ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ይመልከት፤ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ግን ፈጽሞ አይግባ። አንዱ ክፍል ሲንቀሳቀስ ተከታዩ ዘግይቶ የሚከተል ከሆነ ልቅነቱ በዚያ ነው። ኮፒሊያዎቹ ሁሉ በቦታቸው መኖራቸው በጣት እየተነኩ ይቆጠሩ። በኮፒሊያ ፈንታ ሚስማር ወይም ሽቦ ከተገኘ መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ሊስተካከል ይገባል። የመሪው ሳጥን የታሰረበት የሻንሲ ክፍል ጭቃው ታጥቦ ይታይ፤ ጭቃ ስንጥቅን ይሸፍናልና። በዚያ አካባቢ እንደ ፀጉር የቀጠነ የዝገት መስመር ቢታይ የመሰንጠቅ ምልክት ሊሆን ይችላል።

በጉዞ ላይ ሳለ ሲደርስ

በመጀመሪያ የብልሽቱን ዓይነት መለየት ያስፈልጋል። መሪው በድንገት እንደ ድንጋይ ከከበደ የጠፋው አጋዥ ኃይሉ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቺንጋው ተበጥሶ ወይም የመሪ ዘይቱ ፈስሶ ሊሆን ይችላል። ጎማዎቹ ግን አሁንም ይታዘዛሉ። ስለዚህ ሾፌሩ ሳይደናገጥ መሪውን በሁለት እጁ አጥብቆ ይያዝ፤ ፍጥነቱን ቀንሶ መንገድ ዳር ይቁም።

መሪው ያለ ተቃውሞ የሚዞር ከሆነ ግን ሰንሰለቱ ተቋርጧል። ከዚያ በኋላ ለሾፌሩ የቀረው መሣሪያ ፍጥነትን መቀነስ ብቻ ነው።

አንደኛ፣ እግርን ወዲያው ከነዳጅ መስጫው ማንሣት።

ሁለተኛ፣ ፍሬንን እየጨመሩ በልክ መያዝ። በደልዳላ መንገድ ላይ የተላቀቁ የፊት ጎማዎች ለጥቂት ጊዜ ወደ ፊት ቀና ብለው የመሄድ ጠባይ አላቸው። ፍሬን በድንገት ከተረገጠ ግን ጎማው ይታሰርና መኪናው ይንሸራተታል፤ የቆየ መኪና ፍሬን በግራና በቀኝ እኩል ካልያዘም መኪናውን ወደ ጎን ይጥለዋል። ሆኖም ፊት ለፊት ገደል፣ ወንዝ ወይም ሰው ካለ ምርጫው ሌላ ነው፤ በፍሬኑ ሙሉ ኃይል ፈጥኖ መቆም ይገባል።

ሦስተኛ፣ ጊዜ ከተገኘ ወደ ከባድ ማርሽ መመለስና የእጅ ፍሬንን ቀስ በቀስ መሳብ። ፍሪሲዮን ረግጦ መቆየት አይገባም፤ ሞተሩ መኪናውን የሚይዝበትን ኃይል ያስቀራልና።

አራተኛ፣ መኪናው ፈጽሞ ሳይቆም ሞተር አለማጥፋት፣ ቁልፍም አለመንቀል። ሞተሩ ሲጠፋ የፍሬኑ አጋዥ ኃይል ይደክማል፤ ቁልፉ ሲነቀልም መሪው ሊቆለፍ ይችላል።

አምስተኛ፣ በክላክስና በሁለቱም ፍሬቻ ሌሎችን ማስጠንቀቅ። ተሳፋሪዎች ቀበቶአቸውን እንዳሰሩ አጥብቀው ይያዙ እንጂ ከሚሄድ መኪና ለመዝለል አይሞክሩ፤ የሾፌሩንም እጅ አይንኩ።

ይህ ሁሉ የሚረዳው ፍጥነቱ አስቀድሞ ልከኛ ከሆነ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ደግሞ 11 ሜትር ያህል። ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ፍሬኑ ሊያበርደው የሚገባው ኃይል ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። እኛን በማሳው ውስጥ በሰላም ያቆመን፣ ከእግዚአብሔር ቸርነት ጋር፣ ሾፌሩ ልቅነቱን ስላወቀ በዝግታ መንዳቱ ነው።

መኪናው ከቆመ በኋላ ሁሉም ወርደው ከመንገዱ ይራቁ፤ ከፊትና ከኋላ ራቅ ብሎ ምልክት ይደረግ። የተላቀቀውን ዘንግ በሽቦ አስሮ ሰው ጭኖ ለመቀጠል መሞከር አደጋውን ወደ ባሰ ስፍራ ማድረስ ነው። መሪ የሌለው መኪና በገመድም አይጎተትም፤ ጎታቹን ተከትሎ መታጠፍ አይችልምና። ባለበት ይጠገን፤ ካልሆነም በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ ይወሰድ።

የሰበካ ጉባኤው ድርሻ

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል፤ ከዚያ ሰው ወድቆ ቢሞት ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን። ትእዛዙ የተሰጠው ለወደቀው ሰው ሳይሆን ለባለ ቤቱ ነው፤ ሰው ከወደቀ በኋላም ሳይሆን ገና ቤቱ ሲሠራ ነው። መኪና ያለው ሰበካም ባለ ቤት ነው። ካህናትን፣ ነፍሰ ጡር እናቶችን፣ የአብነት ተማሪዎችን የሚያሳፍር መኪና መከታው ጥገናው ነው።

ስለዚህ ለጉባኤያት አራት ነገሮችን እናሳስባለን። የመጀመሪያው፣ ለእያንዳንዱ መኪና አንድ መዝገብ ተከፍቶ ሾፌሩ ያየውን ጉድለት ከነቀኑ ይጻፍበት፤ አስተዳዳሪው ወይም ጸሐፊው በእያንዳንዱ ማስታወሻ ሥር የተወሰነውን ጽፎ ይፈርም። በቃል የተነገረ ነገር ይረሳል፤ የተጻፈ ግን መልስ ይጠይቃል። ሁለተኛው፣ የመሪና የፍሬን ጉድለት ከሌላ ወጪ ጋር ወረፋ አይያዝ፤ ለዚሁ የተለየ ገንዘብ በዓመቱ በጀት ይቀመጥ። ሦስተኛው፣ ጥገና ሲደረግ የተለወጠው አሮጌ ዕቃ ለጉባኤው ይመለስ፤ ከጥቂት ቀናት አገልግሎት በኋላም ዳዶውና ኮፒሊያው ዳግመኛ ይታዩ።

አራተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ሾፌሩ፣ «ይህ መኪና ዛሬ አይወጣም» የማለት ሥልጣን ይኑረው፤ ስለዚህም አይወቀስ። በሰበካዎቻችን ሾፌር አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜም በማዕረግም ታናሽ ነው፤ ለአባቶች «አይሆንም» ማለት ነውር ይመስለዋል። ይህ አክብሮት መልካም ነው፤ ነገር ግን ስለ መሪ በሚነገርበት ሰዓት አክብሮቱ ወደ ዝምታ ከተለወጠ አባቶችንም ልጆችንም ይጎዳል። አፉን የሚከፍትለት አስቀድሞ ከአስተዳዳሪው በጉባኤ ፊት የተሰጠ ቃል ነው። የደጀኑ መኪና ባለቤት የሆነው ሰበካ ይህን ቃል በቃለ ጉባኤ አስፍሯል።

ለውይይት

1. የሰበካችን መኪና መሪ ለመጨረሻ ጊዜ የተመረመረው መቼ ነው? መርማሪው ማን ነበር? የት ተጽፏል?

2. ሾፌራችን ባለፉት ሦስት ወራት የነገረንና እስካሁን መልስ ያላገኘ ጉድለት አለ?

3. በበዓል ዋዜማ መኪናው አይሄድም ቢባል ጉዞውን በምን እንተካለን? ይህን ዛሬ ካልወሰንን በዚያን ቀን «ለዛሬ ብቻ ይሂድ» ማለታችን አይቀርም።

4. ከጉባኤያችን አባላት መካከል ከሾፌሩ ጋር በወር አንድ ጊዜ ዐሥር ደቂቃ ለምርመራ የሚሰጥ ማን ነው? ስሙ በዚህ ስብሰባ ይመዝገብ።