ሽታው ጠፋ፣ ቲነሩስ?

ቲነር ውስጥ በብዛት የሚገኘው ቶሉይን ወደ ሰውነት የሚገባው በዋናነት በትንፋሽ ነው። ከሳንባ ወደ ደም ለመሻገር ጊዜ አይፈጅበትም። ከዚያ በኋላ የት እንደሚሄድ፣ የት እንደሚቆይና በምን በኩል እንደሚወጣ ግን በዓይን አይታይም። ስለዚህ ተመራማሪዎች በስሌት ይከተሉታል።

ስሌቱ ሰውነትን በጥቂት ክፍሎች ይመድባል፦ ጉበት፣ ስብ፣ ጡንቻና ቆዳ፣ እንዲሁም እንደ አንጎል፣ ልብና ኩላሊት ያሉ ብዙ ደም የሚደርሳቸው አካላት። በደቂቃ ስንት ደም ይደርሰዋል? ኬሚካሉን ምን ያህል ይስባል? ይለውጠዋል ወይስ ያከማቸዋል? ለእያንዳንዱ ክፍል ይህ ይጠየቃል። ራምሴይና አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1984 ለስታይሪን ያወጡት ሞዴል በዚህ አከፋፈል የተሠራ ነው፤ በኋላ የመጡት ብዙዎቹም ፈለጉን ተከትለዋል።

ልብ ሊባል የሚገባው ስብ ነው። ዕረፍት ላይ ባለ ሰው፣ ልብ ከምትረጨው ደም ወደ ስብ የሚሄደው 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ቶሉይን ደግሞ ከደም ይልቅ ስብ ውስጥ በብዙ እጥፍ ይሟሟል። በቀጭን ቧንቧ የሚሞላ ትልቅ ሮቶ ያስቡ፤ ለመሙላትም ለመጉደልም ቀናት ይፈጅበታል። ከሥራ ሲወጡ ደሙ ቶሎ ቢቀልለውም፣ ስቡ ያጠራቀመውን ሌሊቱን ሙሉ ጥቂት በጥቂት ይመልስበታል። ሳምንቱን ሙሉ ቀለም ሲረጭ የከረመ ሰው ዓርብ ጠዋት ገና ሥራ ሳይጀምር ቢመረመር፣ ከሰኞ ጠዋቱ የበለጠ ቶሉይን ደሙ ውስጥ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ጉበት አብዛኛውን ለውጦ፣ ሂፑሪክ አሲድ አድርጎ በሽንት ይሸኘዋል፤ የተወሰነው እንዳለ በትንፋሽ ይወጣል። አቅሙ ግን ገደብ አለው። ከሥራ መልስ ቢራ ወይም አረቄ ሲጨመርበት አልኮሉ ይሻማውና ቶሉይኑ ደም ውስጥ ይሰነብታል። ጉልበት የሚጠይቅ ሥራም እንዲሁ ያከብደዋል፤ የሚያለከልክ ሰው ብዙ አየር ይስባል፣ ከአየሩ ጋር ተኑን። ስለዚህ ላሜራ የሚቀጠቅጠው ባትላሜራ ቀለም በሚረጭበት ክፍል ውስጥ መሥራት የለበትም። የጨርቅ ማስክ ተን አያስቀርም፤ የከሰል ማጣሪያ ያለው ያስፈልጋል።

የስሌቱን ዋጋ ከሁሉ አጉልቶ ያሳየኝ ግን ዳይክሎሮሜቴን ነው፤ አሮጌ ቀለም ለማስለቀቅ ሲያገለግል የኖረ ፈሳሽ። እ.ኤ.አ. በ1972 አሜሪካዊው ስቱዋርትና ባልደረቦቹ ይህን ተን በተነፈሱ ሰዎች ደም ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ አገኙ፤ በተዘጋ ቤት የከሰል ጭስ የሚገድልበትን ያንኑ ጋዝ። የነደደ ነገር አልነበረም። ጋዙን የሠራው የራሳቸው ሰውነት ነው። ስሌቱ እንደሚያሳየው፣ ስብ ፈሳሹን እየለቀቀ፣ ጉበት እየለወጠው ስለሚቀጥል፣ የጋዙ መጠን ሰውየው ሥራ ካቆመ በኋላም ሊጨምር ይችላል። የልብ ሕመም ያለበት ሰው ማታ ቤቱ አረፍ ባለበት ደረቱን ቢያመው፣ መነሻው ቀን ቀለሙን ሲያስለቅቅ የዋለው ወንበር ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ይህን ሊገምት አይችልም። በምን ፈሳሽ ሲሠሩ እንደዋሉ ሳይጠየቁ ይንገሩት፤ የቆርቆሮውን ጽሑፍ በስልክዎ ፎቶ አንስተው ይያዙ።