ከቀዶ ሕክምና በፊት የሕመምተኛው ድርሻ

ሐኪምን ማክበር ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ያልተረዱትን ነገር «እሺ» ብሎ መቀበል ሐኪሙን አይረዳውም። በቀዶ ሕክምና ጊዜ አንዱን ሕመምተኛ ከሌላው ማምታታት፣ ወይም በቀኙ ፈንታ የግራውን አካል መቅደድ እምብዛም የማይደርስ ስሕተት ቢሆንም፣ ከደረሰ ጉዳቱ ከባድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ባለ 19 ነጥብ የቀዶ ሕክምና መቈጣጠሪያ የሚጀምረው ሕመምተኛውን በመጠየቅ ነው። ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት ሕመምተኛው ማንነቱን፣ የሚቀደደውን ቦታ፣ የሕክምናውን ዓይነትና ፈቃደኛነቱን ያረጋግጣል። ስለዚህ የሚከተሉትን ያስተውሉ።

1. ስምዎን ራስዎ ይናገሩ። በኢትዮጵያ የምንጠራው በራሳችንና በአባታችን ስም ነበር። እዚህ ግን የብዙዎቻችን የአያት ስም የቤተ ሰብ ስም ሆኖ ተመዝግቧል፤ የዕብራይስጥ ስም የተጨመረላቸውም አሉ። ነርሷ «እገሌ ነዎት?» ብትል «አዎን» ብለው ብቻ አይለፉ፤ በመታወቂያዎ ላይ የተጻፈውን ሙሉ ስም ይናገሩ። በእጅዎ ላይ የታሰረው መለያ ቁጥር ከመታወቂያዎ 9 አሃዞች ጋር መስማማቱን ያስተያዩ። ደጋግመው ቢጠይቁዎ ስለ ደኅንነትዎ እንጂ እርስዎን ስላላመኑ አይደለም።

2. ቦታውን በእጅዎ ያሳዩ። እንደ ዓይን፣ ጉልበትና ኵላሊት ግራና ቀኝ ባለው አካል ላይ ሐኪሙ በብዕር ምልክት ያደርጋል። ምልክቱ በትክክለኛው ወገን መሆኑን ይመልከቱ፤ አጥበውም አያጥፉት።

3. እውነቱን ይግለጹ። እንዲጾሙ ታዝዘው አንድ ስኒ ቡና እንኳ ቢጠጡ ሳያፍሩ ይናገሩ። በማደንዘዣ ጊዜ በሆድ ያለው ነገር ተመልሶ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላልና። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ከቤት የተቀመመውንም ጭምር፣ ያስታውቁ። ለምሳሌ አስፕሪን የደም መፍሰስን ሊያበዛ ይችላል። ከዚህ በፊት ያልተስማማዎ መድኃኒት ካለም አይደብቁ።

4. ሳይረዱ አይፈርሙ። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የእስራኤል የሕመምተኞች መብት ሕግ ሐኪሙ የሕክምናውን ዓላማ፣ ጥቅም፣ አደጋና ሌላ አማራጭ ካለ እንዲያስረዳ ያዝዛል። ከአነስተኛ ቀዶ ሕክምናና ከአስቸኳይ ሁኔታ በስተቀር ስምምነቱ በጽሑፍ ይሆናል። ማንበብ የማይችሉ ከሆነ ወረቀቱ እንዲነበብልዎና እንዲተረጐምልዎ ይጠይቁ። ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉ፤ ልጅ የሕክምናን ቃል ላያውቅ ይችላል፤ እርስዎም በልጅዎ ፊት ስለ ገላዎ ለመናገር ያፍሩ ይሆናል።

ለቤተ ሰብ መለማመጃ፦ ወደ ሆስፒታል ከመሄድዎ በፊት እነዚህን ጥያቄዎች በራስዎ ቃል ይመልሱ። በመታወቂያዬ ላይ ያለው ስሜ ማን ነው? የሚቀደደው የትኛው አካል ነው? በየትኛው ወገን? ስለ ምን ምክንያት? አንዱን እንኳ መመለስ ካልቻሉ ከመፈረምዎ በፊት ሐኪሙን እንደገና ይጠይቁ።