የብስክሌት ጎማ አመራረጥ፤ ለጅማና በዙሪያዋ ላሉት የቡና ከተሞች

ከከተማ ተነሥቶ ወደ ገጠር ተማሪ ቤት በብስክሌት የሚሄድ መምህር ትምህርቱን በሰዓቱ የሚጀምረው ጎማው በደኅና ካደረሰው ነው። ጎማው በመንገድ ቢፈነዳ፥ መምህሩ ብስክሌቱን እየገፋ እስኪደርስ ድረስ ሕፃናቱ ያለ ትምህርት ይቀመጣሉ። በጤና ጣቢያ ለሚያገለግልም ሆነ የቡና ሚዛን ለሚጠብቅ ሰው ነገሩ ያው ነው። ዳሩ ግን ብዙ ሰው ብስክሌት ሲገዛ ቀለሙንና መሪውን መርምሮ፥ ጎማውን ባለሱቁ እንደ ሰጠው ይቀበላል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፥ ሳይመረመር የተገዛ ጎማ በሚያስፈልግበት ቀን ይከዳል። ስለዚህ መምህራንና የአገር ሽማግሌዎች የጎማን ጠባይ ዐውቀው ለሌላው ቢያስረዱ መልካም ነው።

፩. ስለ ጎማ ሥራ

ጎማ ሦስት ሥራ አለው፤ ሰውንና ጭነትን ይሸከማል፥ መሬትን ይጨብጣል፥ የመንገዱንም ጉርብጥብጥ ያለዝባል። ለዚህ የሚረዳው ላስቲኩ ብቻ ሳይሆን በውስጡ የታመቀው አየር ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 ዓመት በቤልፋስት ከተማ ይኖር የነበረው የእንስሳት ሐኪም ጆን ቦይድ ደንሎፕ በአየር ለተነፋ የብስክሌት ጎማ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ከዚያ አስቀድሞ የነበሩት ብስክሌቶች የብረት ወይም የድፍን ላስቲክ መንኰራኵር ስለ ነበራቸው ነጂውን እጅግ ያንገላቱት ነበር።

ጎማ ሲሽከረከር መሬት የነካው ክፍል ይጨፈለቃል፤ ከመሬት ሲነሣ ደግሞ ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለሳል። ነገር ግን ላስቲክ የወሰደውን ኀይል ሁሉ አይመልስም፤ ጥቂቱ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ይህ የጠፋው ኀይል ከነጂው ጉልበት የወጣ ነው። እንግዲህ ፈጣን ጎማ የሚባለው፥ ሲጨፈለቅና ሲመለስ ጥቂት ኀይል ብቻ የሚያባክን ነው።

፪. መንገድን ስለ ማወቅ

ከጅማ ወደ አዲስ አበባ፥ ወደ አጋሮና ወደ ቦንጋ የሚወጡት ዋና ዋና መንገዶች አስፋልት ናቸው። ከእነዚህ ተገንጥለው ወደ ቡና ቀበሌዎች ከሚገቡት ግን ብዙዎቹ ጠጠርና አፈር ናቸው። አገሩም ዝናም የሚበዛበት፥ አፈሩም በብዙ ስፍራ ቀይና የሚጣበቅ ነው። ስለዚህ አንድ ነጂ በአንድ ጠዋት አስፋልትን፥ ኮረኮንችንና ጭቃን በተራ ሊያገኝ ይችላል።

ጎማ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ መንገዱን ይቍጠር። ከ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ስንቱ አስፋልት፥ ስንቱ ጠጠር፥ ስንቱ አፈር ነው? ጎማ የሚመረጠው በዓመት አንድ ጊዜ ለሚያስቸግረው ስፍራ ሳይሆን በየቀኑ ለሚኬድበት መንገድ ነው።

፫. ስለ ስፋትና ስለ ጥርስ

ቀጭን ጎማ ሁልጊዜ ፈጣን ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሁለት ጎማዎች በአሠራርም በአየርም ግፊት እኩል ሲሆኑ መሬት የሚነኩበት ስፋት እኩል ያህል ነው፤ የቀጭኑ መዳፍ ረጅምና ጠባብ፥ የወፍራሙ ግን አጭርና ሰፊ ይሆናል። መዳፉ ያጠረው ጎማ በአካሄዱ ጥቂት ስለሚጨፈለቅ የሚያባክነውም ኀይል ያነሰ ነው። በጠጠር መንገድ ላይ ደግሞ ወፍራሙ ጎማ ጠጠሩን ዋጥ አድርጎ ያልፋል፤ ቀጭኑና እጅግ የተነፋው ግን ነጂውን ከነጭነቱ ወደ ላይ ያነጥረዋል፤ ያም ሁሉ ከጉልበት የሚቀነስ ነው። ስለዚህ አስፋልትና ጠጠር ለተቀላቀለበት መንገድ ከ37 እስከ 47 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ ይስማማል።

ትልልቅ ጥርስ ያለው ጎማ ለዐይን ብርቱ ይመስላል። በአስፋልት ላይ ግን እያንዳንዱ ጥርስ ስለሚተጣጠፍ ኀይል ይበላል፥ ቶሎም ያልቃል። ለቅይጥ መንገድ የሚሻለው መካከሉ ለስላሳ ወይም ጥርሱ የተቀራረበ፥ ዳርና ዳሩ ግን ጥርስ ያለው ጎማ ነው። በደረቅ መንገድ በመካከሉ ይሽከረከራል፤ ለስላሳ አፈር ውስጥ ሲገባ የዳሩ ጥርስ ይጨብጣል። በጥልቅ ጭቃ ግን የትኛውም ጎማ አይመካበትም፤ ወርዶ መግፋት ይሻላል። ጭቃው ተጣብቆ መንኰራኵሩን እንዳይዝ በጎማውና በጭቃ መከላከያው መካከል ክፍተት መኖሩን ከመግዛት በፊት ማየት ይገባል።

፬. ስለ ጥንካሬ

እሾህና ስለታም ድንጋይ እንዳያልፍ በአንዳንድ ጎማ ከጥርሱ በታች መከላከያ ንጣፍ ይገባበታል። ይህ ንጣፍ ክብደት ይጨምራል፥ ፍጥነትም ጥቂት ይቀንሳል፤ ነገር ግን ጎማ መጠገኛ ከሌለበት ቀበሌ ለሚመላለስ ሰው ጉዳቱ ከጥቅሙ ያንሳል። የጎማው ጐን እጅግ ስስ ከሆነ በድንጋይ ይቀደዳል፤ እጅግ ድርቅ ያለ ከሆነም ይከብዳል፤ ስለዚህ መካከለኛውን መምረጥ ነው።

የኋላው ጎማ ብዙ ክብደት ስለሚሸከም ቀድሞ ያልቃል። የፊተኛው ቢፈነዳ ወይም ቢያንሸራትት ግን ነጂውን ሊጥለው ይችላል። ስለዚህ አዲስ ጎማ አንድ ብቻ በተገዛ ጊዜ አዲሱ ለፊት፥ የፊተኛውም ለኋላ ይደረግ። ጥርሱ አልቆ ክሩ የታየ ጎማ ይጣል። ፀሐይና ዘይት ላስቲክን ስለሚጎዱ ብስክሌቱ በጥላ ይቁም፤ አየር ባነሰው ጎማም ላይ ለብዙ ቀን ተጭኖ አይቀመጥ።

፭. ስለ ልክ አነባበብ

በጎማው ጐን ላይ 40-622 የሚል ጽሕፈት ቢገኝ፥ 40 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፥ 622 ደግሞ ጎማው በቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ክብ አጋማሽ ስፋት ነው። በኢንች የተጻፈው ግን ያሳስታል፤ 26 የሚባለው ጎማ 559 ወይም 590፥ 28 የሚባለውም 622 ወይም 635 ሊሆን ይችላልና። ለገበያ ሰው የሚልክ ሽማግሌ «ባለ 28 አምጣልኝ» ከማለት ይልቅ ከአሮጌው ጎማ ላይ ሁለቱን ቍጥር ጽፎ ቢሰጥ ገንዘቡም መንገዱም አይባክንም።

፮. ስለ አየር

ከሁሉ የተመረጠው ጎማ በቂ አየር ካልያዘ ክፉ ጎማ ነው። የሚፈቀደው ግፊት በጐኑ በባር ወይም በፒ.ኤስ.አይ. ይጻፋል፤ 1 ባር 14.5 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ነው። 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ላለው ጎማ፥ መካከለኛ ክብደት ላለው ሰው፥ በጐኑ ከተጻፈው ሳይወጣ ከ3 እስከ 4 ባር ይስማማል፤ ለአስፋልት ወደ ላይኛው፥ ለጠጠር ወደ ታችኛው ይጠጋ። አየር ካነሰው ጎማው ይከብዳል፥ ቸርኬውም በድንጋይ ሲመታ የውስጡን ጎማ ይቈርጠዋል። ስለዚህ በየሳምንቱ መመርመር ይገባል።

፯. በክፍል ውስጥ ለመለማመጃ

መምህሩ ብስክሌቱን ወደ ክፍል አስገብቶ እነዚህን ያስተምር።

መጀመሪያ፥ 40-622 የሆነ ጎማ ዙሪያው ስንት ነው? 622 ላይ ሁለት ጊዜ 40 ሲደመር 702 ይሆናል፤ በ3.14 ሲባዛ 2,204 ሚሊ ሜትር፥ ይኸውም 2.2 ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ 10 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 4,545 ጊዜ ያህል ይዞራል።

ሁለተኛ፥ የኋላው ጎማ 60 ኪሎ ግራም ቢሸከምና ግፊቱ 3 ባር ቢሆን፥ በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር 3 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚያርፍ መሬት የሚነካው 20 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። አየሩ ወደ 2 ባር ቢወርድ 30 ይሆናል። ጎማውን በጠመኔ ቀብቶ፥ አንድ ልጅ በኮርቻው ላይ አስቀምጦ፥ በጥቍር ወረቀት ላይ መዳፉን በማተም ተማሪዎቹ በዐይናቸው ይዩት።

ሦስተኛ፥ መኪና በማያልፍበት ለጥ ባለ ቍልቍለት አንዱን ብስክሌት ከአንድ ምልክት ላይ ያለ ግፊት ይልቀቁት፤ ነጂው ፔዳል ሳይመታ የቆመበትን ስፍራ ይለኩ። ከዚያም አየሩን ጥቂት ቀንሰው ይድገሙት። በሁለቱ ርቀት መካከል ያለው ልዩነት ተማሪዎቹ ራሳቸው የሚያሰሉት ሒሳብ ነው፤ ነጂው በየቀኑ ከጉልበቱ የሚከፍለውም ያንኑ ነው።