የመንፈስ ጥምቀት ከውኃው ይለያልን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ስማዳ፣ ወገዳ ከተማ ነው። ክርስትና የተነሣሁት በ40 ቀኔ ነው። አዲስ አበባ የሚኖር የአጎቴ ልጅ ግን «የውኃው ብቻ አይበቃህም፤ በመንፈስ መጠመቅ አለብህ» ይለኛል። የመንፈስ ጥምቀት ምንድን ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የአጎትህ ልጅ የነገረህ የጴንጤቆስጤ አብያተ ክርስቲያናትን ትምህርት ነው። በእነርሱ ዘንድ የመንፈስ ጥምቀት ካመኑ በኋላ የሚመጣ፣ ብዙ ጊዜም በልሳን በመናገር የሚታወቅ ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትምህርት ግን ሁለቱን አይነጣጥልም። ጌታ ለኒቆዲሞስ ስለ ዳግም ልደት ሲያስተምር ውኃንና መንፈስን አንድ ላይ ነው ያነሣው (ዮሐ. 3፥5)። ክርስትና በተነሣህ ዕለት ካህኑ ከውኃው ካወጣህ በኋላ ከግንባርህ ጀምሮ 36 የሰውነትህን ክፍሎች ቅብዐ ሜሮን ቀብቶሃል። መንፈስ ቅዱስን የተቀበልኸው ያኔ ነው፤ አንተ ባታስታውሰውም እናትህ አይረሱትም።

መንፈስ ቀድሞ ቢወርድስ? የቆርኔሌዎስን ታሪክ አንብብ (ሐዋ. 10)። በቤቱ በተሰበሰቡት ላይ መንፈስ ቅዱስ ሳይጠመቁ ወረደ፤ ጴጥሮስ ግን ውኃው ይቅር አላለም፣ እንዲጠመቁ አዘዘ።



ይሁንና የዘመድህን ቃል እንዲሁ አትጣለው። የተሰጠ ጸጋ ሳይሠራበት ተዳፍኖ ሊቀር ይችላል። ማተቡ አንገትህ ላይ እያለ ከንስሐና ከቅዱስ ቁርባን ርቀህ ከሆነ፣ የጎደለህ እርሱ ነው። ሳትውል ሳታድር የነፍስ አባትህን አነጋግር።