ከወለል በታች ስለሚቀበር የውኃ ቧንቧ አጋጣጠም

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በለቡ፣ በጀሞና በላፍቶ አካባቢ መሠረት ያስቆፈረ ሁሉ ጥቁሩን ዋልካ አፈር ያውቀዋል። በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ሰበካ ጉባኤያት አፀደ ሕፃናት፣ የካህናት መኖሪያ ወይም የሚከራይ ሕንፃ ሲያሠሩ ስለ ፌሮና ስለ ሲሚንቶ ብዙ ይመክራሉ። ከወለሉ በታች የሚቀበረው ቧንቧ ግን ብዙውን ጊዜ ለቧንቧ ሠራተኛው ብቻ ይተዋል።

ከአንድ መጋጠሚያ በየሰከንዱ አንድ ጠብታ ቢወርድ በቀን 4 ሊትር ገደማ ይሆናል። ይህ በውኃ ሂሳብ ላይ እምብዛም አይታወቅም፤ ዋልካውን ግን ዓመቱን ሙሉ በአንድ ሥፍራ ያርሰዋል። አፈሩ በዚያ ቦታ ብቻ ሲያብጥ ወለሉ ይነሣል፣ ሊሾው ይሰነጠቃል። ሌላም የከፋ ነገር አለ። በከተማችን ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ መስመሩ በሚጠፋበት ሰዓት በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ይወድቃል፤ ያን ጊዜ ውኃ ያፈሰሰው ቀዳዳ በዙሪያው ያለውን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይስባል። ሕፃናቱ የሚጠጡት፣ ለቤተ ልሔሙም የሚቀዳው ከዚያው መስመር ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «መጋጠሚያው እንዴት ይሠራ?» ሳይሆን «ለምን ከወለል በታች ሆነ?» የሚል መሆን አለበት። ቧንቧው በግድግዳ ወይም በኮርኒስ በኩል ማለፍ ከቻለ በዚያው ይለፍ። ወለሉን ማቋረጡ ግድ ከሆነ በጥቅል የሚሸጠው ፕላስቲክ ቧንቧ ያለ አንዳች መጋጠሚያ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሊዘረጋ ይችላል። በቃጫ ወይም በቴፍሎን ተጠቅልሎ በጥርስ የሚጠብቅ መጋጠሚያ ከኮንክሪት ሥር ፈጽሞ አይቀበር፤ ቦታው እጅ በሚደርስበት ግድግዳ ላይ ነው።

ፒፒአር የሚባለው ቧንቧ በዘንግ ስለሚሸጥ በረጅም መስመር መጋጠሙ አይቀርም። እርሱም በሙቀት ይበየዳል። ማሽኑ 260 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ባለ 20 ሚሊ ሜትሩ ቧንቧ 5 ሰከንድ፣ ባለ 25ቱ 7 ሰከንድ፣ ባለ 32ቱ 8 ሰከንድ ይሞቃል። ከዚያ ሳይጠመዘዝ ቀጥ ብሎ ይገባል፤ እስኪቀዘቅዝም ለጥቂት ደቂቃዎች አይነካም። ጫፉ አቧራ ወይም እርጥበት ካለበት ብየዳው ከውጭ የተዋበ፣ ከውስጥ ግን ያልያዘ ይሆናል። ከልክ በላይ ከሞቀ ደግሞ የቀለጠው ፕላስቲክ የውኃውን መንገድ ያጠብበዋል። ሰከንዶቹ በግምት ሳይሆን በሰዓት ይቆጠሩ።

በአገራችን ወለልን በሙቅ ውኃ ማሞቅ የተለመደ አይደለም። ሆኖም ከቦይለር ወይም ከፀሐይ ማሞቂያ ወደ ካህናት መኖሪያና ወደ ማብሰያ ቤት የሚሄድ መስመር አለ። ተራው ፒፒአር 10 ሜትር ርዝመት ኖሮት ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል መርዘም ይፈልጋል። ስለዚህ ለሙቅ ውኃ በመካከሉ አሉሚኒየም ወይም የመስታወት ጭረት ያለው ዓይነት ይመረጥ፤ በሙቀት መከላከያ ስፖንጅም ይሸፈን። መሠረቱን በሚያቋርጥበት ቦታ ደግሞ ሰፋ ባለ ሌላ ቱቦ ውስጥ ይለፍ፤ አፈሩ ሲንቀሳቀስ ግንቡ ቧንቧውን እንዳይቆርጠው።

ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት መስመሩ ውኃ ተሞልቶ አየሩ ይውጣ፤ ከዚያ በፓምፕ ከሥራ ግፊቱ አንድ ተኩል እጥፍ ይጫን። ፕላስቲክ በመጀመሪያ ጥቂት ስለሚለጠጥ መለኪያው ትንሽ ዝቅ ቢል አያስደነግጥም፤ እንደገና ተሞልቶ መርፌው መቆም አለበት። ከሰበካ ጉባኤው አንድ አባል በዓይኑ ይየው እንጂ «ተፈትኗል» የሚል ቃል ብቻ አይቀበል። ግፊቱ በሙሌቱም ጊዜ ባለበት ይቆይ፤ በጋሪ የተረገጠ ወይም በአካፋ የተነካ ቧንቧ ወዲያው የሚታወቀው በዚህ ነው።

በዚያው ቀን ከግድግዳ በሜትር እየተለካ የተዘረጋው መስመር ንድፍና ፎቶግራፍ ከአጥቢያው የንብረት መዝገብ ጋር ይቀመጥ። ኮሚቴው ይለወጣል፣ ሠራተኛውም ይሄዳል፤ ከዓመታት በኋላ ወለሉን የሚሰብረው ሰው በመላ መፈለግ የለበትም።

ሕንፃው ቀድሞ የተሠራ ከሆነ መስመሩ ውኃ ባለበት ሌሊት ወደ ታንከር የሚገባውን ጨምሮ ቧንቧዎች ሁሉ ይዘጉ፤ ቆጣሪውም ይነበብ። ጠዋት አንድም ሰው ሳይከፍት ደግሞ ይነበብ። ቁጥሩ ከተቀየረ ከቆጣሪው ወዲህ የሚፈስ ቦታ አለ ማለት ነው።