ከማስላትሽ በፊት እዪው

ልጄ፣ የማስተርስ ጥናትሽን አር በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ልትሠሪ መነሳትሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ኮዱን ከእኔ ይልቅ ዩቲዩብ ያስተምርሻል፤ እኔ የምነግርሽ የተማሪ ጽሑፍ ሳነብ የሚያበሳጨኝን ነው።

1. ፈቃድ ስለመግዛት አታስቢ። ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን በኒውዚላንዱ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት አር ከ1995 እ.ኤ.አ. ወዲህ በነጻ ይሰራጫል። ኢንተርኔት ባገኘሽ ጊዜ ፓኬጆቹን ክራን ከተባለው የአር ማከማቻ ድረ ገጽ አውርደሽ አስቀምጪ፤ ኔትወርክ ቢጠፋም ሥራሽ አይቆምም።

2. ሳትስዪ አታስዪ። የስታቲስቲክስ ባለሙያው ፍራንሲስ አንስኮምብ በ1973 እ.ኤ.አ. አራት ትንንሽ ሠንጠረዦች አሳተመ፤ በእያንዳንዱ 11 ጥንድ ቁጥር አለ። የኤክስ አማካይ 9፣ የዋይ አማካይ 7.5፣ ኮሪሌሽኑ 0.82 ገደማ፤ የሪግሬሽን መስመሩ እንኳ በአራቱም አንድ ነው። ስዕላቸው ግን ጨርሶ አይገናኝም። የመጀመሪያው ደህና ዝምድና ያሳያል፤ ሁለተኛው ጎባጣ ነው፤ በሦስተኛው አንድ አፈንጋጭ ነጥብ መስመሩን ጎትቶታል፤ በአራተኛው ከአንዲት ነጥብ በቀር ሁሉም በአንድ የኤክስ ዋጋ ላይ ተደርድረዋል። ዳታው ከአር ጋር አብሮ ይመጣል፤ ራስሽ ሞክሪው።

3. የአገራችንን ዳታ ስትይዢ እንዴት እንደተሰበሰበ አጣሪ። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደውን የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ፋይል ብትከፍቺ የቃለ መጠይቁ ዓመት 2008 ይላል። ስህተት አይደለም፤ ቀኖቹ በእኛ አቆጣጠር ተመዝግበዋል። ከሌላ አገር ጋር ለማወዳደር በወር በተቆጠሩት ቀኖች ላይ 92 ወር ይጨመራል፤ ማለትም ከስምንት ዓመት አራት ወር የጎደለ። እዚያው ፋይል ውስጥ የናሙና ክብደት አለ። እንደ ሐረሪ ያሉ ትንንሽ ክልሎች በቂ ናሙና እንዲኖራቸው ከድርሻቸው በላይ ሰው ስለተመረጠባቸው፣ ክብደቱን ትተሽ ያወጣሽው አገራዊ አማካይ የተዛባ ነው። የክብደቱን ቁጥር ለ1,000,000 አካፍዪና ሰርቬይ ለተባለው ፓኬጅ ከነክላስተሩ ስጪው።

4. ባዶ መልስን አክብሪ። አንድ ዋጋ ከጎደለ አር አማካይ አይሰጥሽም፤ ኤንኤ ብሎ ይመልስልሻል። ተማሪዎች ይናደዱበታል፤ እኔ ግን ደግ ባሕርዩ ነው እላለሁ። የሚያስፈራው 99 ተብሎ የተመዘገበው “አላውቅም” ነው፤ አር እውነተኛ ቁጥር መስሎት ይደምረዋል።

5. ጥሬውን ፋይል በኤክሴል አታርሚ። እርማትሽን ሁሉ ስክሪፕት ውስጥ ጻፊ። አማካሪሽ “አዲስ አበባን አውጥተሽ ድገሚው” ሲሉሽ አንድ መስመር ቀይረሽ ታስኬጂዋለሽ።

6. ስዕሉን ጂጂፕሎት በተባለው የአር ፓኬጅ ሥሪ፤ የአማርኛው ጽሑፍ ሣጥን ሣጥን ሆኖ ከወጣ የግዕዝ ፎንት ስጪው። ፓይ ቻርትን ግን ተዪው። የሰው ዓይን ርዝመትን እንጂ የቁራጭን ስፋት በደንብ አያመዛዝንም፤ የአር የራሱ የእርዳታ ገጽ እንኳ አይመክረውም።